ታምራት ሲሮጥ የጠቆረው ቴሌቪዥን

ከደሴ ተጭኖ መካነ ሰላም የሚመጣ ዕቃ ጉጉፍቱን ሳያይ አይገባም። ብርዱ ሰዉን፣ መንገዱ ዕቃውን ያንቀጠቅጣል። እህቴ ከኩዌት ስትመለስ ያመጣችው ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ግን በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አቀስታን አልፎ፣ እኛ ዘንድ ቦረና መካነ ሰላም በደኅና ደረሰ። እናቴ ገልጣ አየችውና «ብርድ ልብሶቹስ ጥሩ ናቸው» አለች።

ቴሌቪዥኑ አዲስ አልነበረም። እህቴ የምትሠራበት ቤት እመቤት ሌላ ስትገዛ አሮጌውን ለቀቀችላት። ጠርዙ ላይ ግን «ኤችዲ ሬዲ» የምትል ምልክት ተለጥፋበታለች። የወንድሜ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ያቺን ምልክት እንዳየ ወሬውን ሰፈር ለሰፈር አዳረሰው።

ሰፈሩ ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ካዞረ ቆይቷል፤ የቀረነው እኛ ነበርን። ናይልሳት የሚገኘው በምዕራብ፣ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ሰማይ በኩል ነው። የኢትዮሳት ሳተላይት ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለቆመ ከኛ አገር ሲታይ ወደ አናት ጠጋ ይላል። ስለዚህ እኛም ስናዞረው ዲሻችን ጎጃምን ማየቱን ትቶ ሽቅብ ተንጋለለና የሐምሌን ዝናብ ማቆር ጀመረ። እናቴ ለዶሮዎቿ ከዚያ መቅዳት ሁሉ አምሯት ነበር።

ሐምሌ 10 ቀን 2014 ዓ.ም. እሑድ ነው። ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን ሊሮጥ ነው፤ የኛው ታምራት ቶላም አለበት፤ እዚያ ማለዳ፣ እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ። ቡናው ተፈልቷል፣ ቆሎው ቀርቧል፣ ጎረቤታችን ሼኹ ከነልጆቻቸው መጥተዋል። ሩጫው ሞቅ ሲል የወንድሜ ልጅ ሪሞቱን አነሣ።

«ጋሼ፣ ሪሲቨሩ እኮ 1080 አይ ላይ ነው ያለው! ወደ 1080 ፒ ላውጣውና የሯጮቹን ላብ ጠብታ በጠብታ እንየው።»

ሳልመልስለት ተጫነው። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ድምፁም ጠፋ። መሐል ላይ በእንግሊዝኛ «ኖት ሰፖርትድ» የምትል ሣጥን ብቻ ቀረች።

እናቴ ዲሹ ውስጥ የቆመው ውሃ ነው አለች። ሌላዋ ጎረቤት የዓይን ነገር ነው ብላ እህቴን በሐዘኔታ አየቻት። ሼኹ «አብሽሩ፣ ይመጣል ኢንሻአላህ» አሉ። አንድ የሰፈር ጎረምሳ ደግሞ ዝናቡን ሳይፈራ ጣሪያ ላይ ሊወጣ ሲል እግሩን ይዘን አወረድነው። ዲሹን ቢነካው ኖሮ ማራቶኑ ቀርቶ የሳምንቱ ዜናም ባመለጠን! ችግሩ የዲሽ ቢሆን ሪሲቨሩ ራሱ ሲግናል የለም ብሎ ይጽፍ ነበር። «ኖት ሰፖርትድ» ብሎ የጻፈው ግን ቴሌቪዥኑ ነው፤ የመጣልኝን አልቀበልም ማለቱ ነው።

አለመቀበሉም አይፈረድበትም። ያቺን «ኤችዲ ሬዲ» የምትል ምልክት የአውሮፓ አምራቾች በ2005 እ.ኤ.አ. ሲያወጧት የጠየቁት ቢያንስ 720 መስመር ያለው ስክሪን፣ 720 ፒ እና 1080 አይ መቀበል የሚችል ነው። 1080 ፒ ግዴታ አልነበረም። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ አላላኩ ላይ ነው። በአይ ጎዶሎ ቁጥርና ሙሉ ቁጥር ያላቸው መስመሮች ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ቆመው እንደሚቀባበሉት በየተራ ይመጣሉ። በፒ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ ኬብሉ በሰከንድ የሚያሳልፈው እጥፍ ይሆናል።

ደግሞ መቀበልና ማሳየት ለየቅል ናቸው። የኛው ስክሪን 1366 በ768 ነው፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ነጥብ። 1920 በ1080 ከሁለት ሚሊዮን ያልፋል። ስለዚህ 1080 ሲመጣለትም ጨምቆ በራሱ ልክ ነው የሚያሳየው። ልጁ ቢሳካለት እንኳ የታምራት ላብ በአንድ ጠብታ አይጨምርም ነበር። የሚገርመው፣ ቴሌቪዥን ምን ምን መቀበል እንደሚችል በዚያው በኤችዲኤምአይ ኬብል ለሪሲቨሩ ይናገራል፤ ሪሲቨሩ አውቶ ላይ ከተተወ ይሰማዋል። ሰው በእጁ ካዘዘው ግን ማንን ይስማ?

ያን ሰዓት ይህን ማብራራት ለማንም አይጠቅምም፤ ታምራት እየሮጠ ነው። ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሜኑው መታየት አለበት፣ ሜኑው ደግሞ ያለው በጠቆረው ስክሪን ውስጥ ነው። እህቴ ናት የድሮውን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ያስታወሰችው። ከጓዳ፣ ከእህል ጆንያ ሥር ጎትተን አወጣነውና ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመዱን ከሪሲቨሩ ጋር አገናኘነው። ለሱ 1080 ምኑም አይደለም፤ በዚያ ገመድ የሚመጣለት ጥንት የሚያውቀው ባለ 576 መስመር ምስል ነው። ሞቅ እስኪል አስጠበቀንና ታምራት ቶላ ብቻውን ሲገሠግሥ አሳየን። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ልጁም በአሮጌው ላይ ሜኑውን እያየ 1080 አይን መለሰ። ወዲያው የኩዌቱ፣ ለኛ አዲሱ፣ ቴሌቪዥንም በራ። ታምራት በ2:05:36 የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲገባ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሲሆን፣ በሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አየን። የትኛው ጥርት ይላል ብዬ ሼኹን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሌላ ነገር ነበር ያዩት።

«ወላሂ፣ ታምራት አሮጌው ላይ ነው ቀድሞ የገባው።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን ልክ ናቸው። አዲሱ የተከፈሉትን መስመሮች እስኪያጋጥምና በራሱ ልክ እስኪጨምቅ ቅንጣት ታህል ይዘገያል፤ አሮጌው የመጣለትን እንደመጣ ያሳያል። ወሬው በአንድ ሌሊት ሰፈሩን ዞረ። በማግስቱ የሴቶቹ ማራቶን ሲጀመር በርጩማው ሁሉ ወደ አሮጌው ዞሮ ነበር። ጎተይቶም ገብረሥላሴ በ2:18:11 ስትገባ እልል አልን። ልጁ ብቻውን ከአዲሱ ፊት ተቀምጦ «ቆዩ፣ ገና አልገባችም!» ይል ነበር።