ካራ ላይ በካራ

ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ በኩል ሽቅብ የሚወጣው ታክሲ ማብቂያው ካራ ነው። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ካራ! ካራ! ካራ!» ሲል ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ቢላዋ የሚሸጥ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል። ባለፈው ጥቅምት ግን ስሙን በሥራ አስመስክሬያለሁ፤ ካራ ተቀምጬ በካራ ቀንድ ስፍቅ ወሩ አለቀ።

ቀንዱ የአያቴ ነው። የአጋዘን ጥንድ ቀንድ፣ እንደተጨመቀ ነጠላ ሁለት ጊዜ ተኩል የተጠማዘዘ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ያሳለፉት አዋሽ ጣቢያ ነው። በቤተሰባችን ታሪክ አጋዘኑን የጣሉት በአንድ ጥይት ነው። ጥይቱ አንዳንዴ ሁለት ይሆናል፤ እንደ ተራኪው ነው።

ጉዱ የጀመረው አክስቴ ከደሴ ደውለው «ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ» ያሉ ዕለት ነው። የሁሉንም ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ያ የአባባ ቀንድስ? ጥቁር፣ እንደ ከሰል! ልጅ ሆኜ እሱን እያየሁ ነበር የምተኛው» አሉ። ደኅና ነው አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ በረንዳ ወጣሁና ቀና ብዬ አየሁት። ቤታችን በብሎኬት ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የካራን ፀሐይና የካራን ክረምት ሲቀበል ኖሯል። ከሰል የሚባል ነገር የለውም። አመድ ነው የሚመስለው። ሥሩ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ።

እማዬን አማከርኳት። «ተወው እባክህ» አለችኝ። እማዬ «ተወው» የምትለው ለሁሉም ነገር ስለሆነ አልሰማኋትም።

በሞቀ ውሃና በሳሙና ጀመርኩ። ከሥሩ፣ ጥምዝምዙ ውስጥ፣ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ደነገጥኩ። የቀረችውን ቀለም አጥቤ ደፋኋት ማለት ነው! ወዲያው ዴንቨር ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ በስልክ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት፤ እሱ የሚኖርበት የኮሎራዶ ተራራ በአጋዘን የታወቀ ነውና። መልሱ ሌሊት መጣ። ጎረቤቱ አዳኝ ነው። ጫካ ውስጥ ወድቆ የከረመ፣ ፀሐይ ያነጣው ቀንድ ሲያገኝ ፐርማንጋኔት በውሃ በጥብጦ በብሩሽ ይቀባዋል። ሲቀባ ሐምራዊ ነው፤ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ጫፍ ጫፉን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጎ ነጭ ያወጣዋል። «ከእውነተኛው አትለየውም» አለኝ የአጎቴ ልጅ፣ በእርግጠኝነት፣ ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆኖ።

ፐርማንጋኔት ልገዛ ስሄድ የፋርማሲዋ ልጅ «ለእግር ነው?» አለችኝ። ለቀንድ ነው ብል ምን ልትል እንደምትችል አስቤ «ለእግር ነው» አልኩ። «ታዲያ በጣም አታወፍረው፤ ሐምራዊነቱ ፈዘዝ ይበል» ብላ መከረችኝ። እኔ ግን ቀንድ ነው ብዬ አወፈርኩት። ጓንትም አላደረግሁም። ከሰዓት በኋላ ቀንዱ ቦታ ቦታውን ጠጥቶ፣ ቦታ ቦታውን ተፍቶ፣ ቁርጥ የጅብ ጀርባ መሰለ። እጄ ደግሞ እስከ አንጓዬ ቡናማ ሆነ። ሎሚ ቆርጬ ስፈትገው ቆዳዬ ለቀቀ፤ ጥፍሬ ግን እምቢ አለ። ይህን ጥፍር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጎረቤታችን ሻምበል በዕድሜያቸው ባሌን በእግር ያዳረሱ ጡረተኛ ናቸው። በአጥር በኩል ብቅ ብለው ጅቡን ቀንድ ሲያዩ ሳቃቸው አላስቆም አላቸው። የአጎቴን ልጅ ምክር ነገርኳቸው። «የነሱ አጋዘንና የኛ አጋዘን ምን አገናኛቸው?» አሉኝ። «የነሱ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። የኛ ከነቀንዱ ይሞታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነሱ እንስሳ ከእኛ አገር የለም። ከሰሃራ ወዲህ በተፈጥሮ የሚኖር አንድም ዘመዱ የለም። መዝገበ ቃላት ተርጓሚው ግን ባዶ ቦታ መተው አልወደደምና «አጋዘን» አለው፤ መጽሐፍ ቅዱስ «ዋላ» ብሎት ነበር። በገና ካርድ ላይ የገና አባትን ጋሪ የሚስበውም አጋዘን፣ አዋሽ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሽሎከለከውም አጋዘን፣ 10 ሳንቲም ላይ የቆመው የባሌው የደጋ አጋዘንም አጋዘን። ስም አንድ ሆነና ሐኪሙ የሌላ በሽተኛ መድኃኒት አዘዘልኝ። የፈረንጁ ቀንድ አጥንት ነው። ሲያድግ በጸጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ነው፤ ቆዳው ሲገፈፍ እንደ ማንኛውም አጥንት ነጭ ይወጣል። ቀለሙን የሚሰጠው ወንዱ ከዛፍ ጋር ሲታገል የሚቀባው የራሱ ደምና የልጡ ጭማቂ ነው። ከውጭ የመጣ ቀለም ስለሆነ ከውጭ መመለስ ይቻላል። የእኛው ቀንድ ግን ከአጥንት እንዝርት ላይ የተጠለቀ ሽፋን ነው፤ ቀለሙም ከገዛ አካሉ ጋር አብሮ የበቀለ ነው።

ሻምበል ይህንን ካስረዱኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ፈቃድ አላችሁ?» አሉኝ። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 541/1999። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት ይዞ መገኘት ያስጠይቃል። «መንግሥት በ2007 ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል፤ ያንተን ጥንድ ቀንድ የሚሳሳለት እንዳይመስልህ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። አያቴ ፈቃድ ነበራቸው? ያኔስ ፈቃድ ማን ይጠይቅ ነበር? በማግስቱ ለሚመለከተው ክፍል አስመዘግባለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በማግስቱ ግን እማማ መጡ።

እማማ የሰፈሩ የቅቤ ሊቅ ናቸው። ለራስ ምታት ቅቤ፣ ለደረቀ ቆዳ ቅቤ፣ ለተሰነጠቀ ቀንድም ቅቤ። አንድ ጭብጥ ቀብተውት «ፀሐይ ላይ ስቀለው» አሉኝ። ሰቀልኩት። ፀሐይዋ ገብታ እኔም ወደ ቤት ስገባ ረሳሁት። ቡችላችን አልረሳችውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኳኳታ ሰምቼ ጅብ ከየካ ተራራ ወርዶ ነው ብዬ መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። ቡችላዋ የአያቴን ጀግንነት ጫፉን እየቆረጠመች ነበር።

ከዚህ በኋላ ባለሙያ ጋ መሄድ ግድ ሆነ። መርካቶ ቀንድ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ አሉኝ። አዋጁን ፈርቼ ቀንዱን በጋቢ ጠቅልዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች አየና «ጠመንጃ ነው?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ቅርጫታቸውን ይዘው ተነሱ። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ሁሉም ፊት ፈታሁት፤ በጋቢ የሸፈንኩትን ነገር ለአሥራ ሁለት ሰው አሳየሁ። ረዳቱ ተረጋጋና «እንዲህ ከሆነ የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ። ለቀንዱ ሒሳብ ከፈልኩ።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን በበሬ ቀንድ ተከበው ተቀምጠዋል፤ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ወፍ፣ ዋንጫ። ዋንጫ ስል የጠጅ መጠጫውን ነው። ዛሬ ዋንጫ ሲባል ለሁሉም የሚታየው ብር ብሩ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን ሲያነሳ ያነሳው ቃል ግን የበሬ ቀንድ ነው። ይህን ለሽማግሌው ብነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «ኳስ አላይም» አሉ።

ቀንዱን አሳየኋቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኔ የበሬ ነው የምሠራው። የዱር አልነካም፤ አፌን ግን ማንም አልከለከለኝም።» ቀጥለው እጄን ያዙና ጥፍሬን አዩ። «ይህ ምንድን ነው?» ፐርማንጋኔት ነው አልኩ። «ቆዳህ ለቀቀ፤ ጥፍርህ ያዘ። ቀንድም ጥፍር ነው። ጥፍር ሲደርቅ ቀለም ትቀባዋለህ ወይስ ታነሳዋለህ?» ግራጫው የሞተው ሽፋን ነው፤ በስለት ፍቀህ አንሳው፣ ከዚያ በተሰበረ ጠርሙስ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፤ መጨረሻ በተልባ ዘይት አጥግበህ ጥላ ላይ አስቀምጥ አሉኝ። እሳት እንዳታስጠጋውም አስጠነቀቁኝ፤ ቀንድ ሲግል ይለሰልሳል፣ ጥምዝምዙ ይፈታል። ክፍያ ሲባሉ ሻይ አሉ።

በዚህ መንገድ ነው ካራ ላይ ካራ ያነሳሁት። የተጠማዘዘ ነገር መፋቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስለቱ ሸንተረሩን ተከትሎ መዞር አለበት፣ ትንሽ ከሳተ ይቦረቡራል። የሚረግፈው ዱቄት ያስነጥሳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ጸጉር ነው። እማዬ ሁለቴ አልፋኝ ሄደች፤ አንዴም «ተወው» አላለችም፤ ይህ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። በስምንተኛው ቀን ግን ከግራጫው ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ። ጥቁር አይደለም። የጠይም ሴት ፊት ዓይነት፣ ውስጡ ማር የመሰለ መስመር ያለበት ቡናማ። ዘይቱን ሲጠጣ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ዕቃ አይቼ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ችግሩ ቀንዱ ሁለት መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅ ኅዳር 10 ሆነ። አክስቴ በማግስቱ ይገባሉ። ሁለተኛው እንደ ጅብ ተዥጎርጉሮ፣ ጫፉ ተቆርጥሞ ቁጭ ብሏል። አደባባዩ ላይ ከሚቀመጡት ሊስትሮዎች አንዱን ጠራሁት። ልጁ ምንም አልጠየቀም። ጥቁር የጫማ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባ፣ በብሩሽ ሳበው፣ በጨርቅ አፏጨው። «የቦቲ ጫማ ሒሳብ ነው» አለኝ።

አክስቴ ኅዳር 11 ከሰዓት ገቡ። እማዬ ለዝክሩ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አክስቴ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ስምንት ቀን የፋቅኩትን ቡናማ ቀንድ በክርናቸው ገፋ አድርገው አለፉትና ጥቁሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይኸው! ይኸው የአባባ ቀንድ! እንዲህ ነበር እኮ!»

እማዬ ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም። «ያኔ የምታዪው ጥላሸት ነው» አለች። «አንቺ ልጅ ሳለሽ ወጥ ቤት ምድጃው አናት ላይ ነበር የተሰቀለው። አባባ አዋሽ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲያገኘው እንደዚያ በረንዳ ላይ እንደነበረው ነጭ ነበር። ለኮት መስቀያ ይሆናል ብሎ ነው ያመጣው።»

«ጥይቱስ?» አልኩ እኔ።

«የምን ጥይት?»

አክስቴ መልስ አልሰጡም። እማዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና፣ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ሁለቱም ጉንጮቻቸው ላይ የሊስትሮው ጥቁር መስመር ቀረ። ማናችንም አልነገርናቸውም።