ከቆርቆሮ በታች፣ ከኮርኒስ በላይ

ሐዋሳ ባቡር ሊመጣላት ነው ሲባልላት የኖረች ከተማ ናት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከናዝሬት ተነስቶ የሲዳሞን ቡና ፍለጋ እስከ ዲላ የሚወርድ ሐዲድ ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጊዜ ደግሞ ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ አርባ ምንጭና ኮንሶ የሚዘልቅ መስመር ካርታ ላይ ተሰመረ። ሁለቱም ጊዜ ባቡሩ ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ። ሦስተኛውን ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የኔ ከቀደሙት የሚለየው ወሰን ማስከበርና ካሳ መክፈል የማያሻው መሆኑ ነው፤ መስመሩ የሚዘረጋው በገዛ ቤቴ፣ ከቆርቆሮው በታች ከኮርኒሱ በላይ ነውና። ካሳ አያሻውም ያልኩት ታዲያ ባለቤቴ ከመስማቷ በፊት ነው።

መነሻው አንድ ካርቶን ነው። እህቴ ከጀርመን ስትመጣ ለልጄ ብላ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ጥቂት ፉርጎዎችና ሲገጣጠም ክብ የሚሆን ሐዲድ ይዛ መጣች። ልጁ ጥቂት አሽከረከረውና ወደ ኳሱ ተመለሰ። እኔ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በደረቴ ተኝቼ ቀረሁ። ባቡር በትክክል የሚታየው አንድ ዓይን ጨፍነው፣ ጉንጭን ከሐዲዱ እኩል አድርገው ሲያዩት ብቻ ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ከደጃፉ ቆማ አየችኝና ባለቤቴን በሹክሹክታ "ምነው፣ አሞት ነው?" አለቻት።

"አይ፣ ባቡር ይዞት ነው።"

ከዚያ በኋላ ነው ሳሎኑን ለቅቄ ወደ ላይ መሰደድን ያሰብኩት።

የዚህ ነገር ባለሙያዎች ሥራቸውን በስኬል ይለያሉ። የኔ ካርቶን "ኤችኦ" የሚባለው ነው፤ ማንኛውንም እውነተኛ ነገር በ87 ማካፈል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት እርሳስና ወረቀት ይዤ ያየሁትን ሁሉ ሳካፍል አመሸሁ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቅ የተባለው ቦታ 20 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ በኔ ስኬል የእጅ መታጠቢያ ሳህን ይበቃዋል። ድሮ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይሄድ የነበረው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፤ ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር። ከቤቴ ተነስቶ ወደ ሻሸመኔ ከሚወስደው መንገድ ሲሶውን ይጨርሳል። ሃምቡርግ ውስጥ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚሉት ትርኢት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ትንንሽ ሐዲድ ዘርግቷል፤ ስለዚህ 9 ኪሎ ሜትር ለሰው ልጅ የማይቻል አይደለም። የማይቻለው እኔ ቤት ነው።

ርዝመቱን ተወት እናድርገውና ከፍታውን እንይ። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ልዩነቱ በኔ ስኬል 26 ሜትር ይሆናል። ትንሽ ሎኮሞቲቭ ፉርጎ እየጎተተ በምቾት የሚወጣው ዳገት በመቶ 3 ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። እንግዲህ 26 ሜትር ለመውጣት 880 ሜትር ያህል ሐዲድ እየጠመዘዝኩ ቆርቆሮውን ሰንጥቄ ከታቦር ተራራ ጋር ልተያይ ነው። ለስምጥ ሸለቆ ምስጋና ይግባውና ከሞጆ ሐዋሳ ያለው አገር ብዙም አይወጣም አይወርድም። ምርጫዬን የወሰነው የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሒሳብም አለበት።

ይሄኔ ጋሼ ሰሙ። ጋሼ ከእኛ ግቢ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ላይ የጨረሱ፣ ልጃቸው እዚህ ሥራ ስላገኘች ተከትለዋት የመጡ ሰው ናቸው። ሐዋሳን ይወዷታል፤ አንድ ቅሬታ ብቻ አላቸው፦ ሌሊት የባቡር ፊሽካ ስለማይሰማ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። መጥተው ካርቶኑን ከፈቱና ሐዲዱን በሁለት ጣታቸው አነሱት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄ የኛ አይደለም" አሉኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

"አቦ ሰፊ ነው! ይሄ የቻይናው ነው።"

እውነታቸውን ነው። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ለ87 ሲካፈል እህቴ ያመጣችው 16.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የጋሼ ባቡር 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። እሱም ይሸጣል፤ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ተራራ ለተራራ በሜትር ሐዲድ ለሚርመሰመሱት የስዊዘርላንድ ባቡሮች አምሳያ ስለሆነ ዋጋውም የስዊዘርላንድ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው "ታዲያ ምን አለ፤ ሙሴ ኢልግስ የዚያው አገር ሰው አልነበረ?" አሉ። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ውል የሰጡት ለኢልግ ነበር። እኔ ግን ውሉን እንጂ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል አልገባኝም።

ሆኖም ጋሼን ማጣት አልፈለግሁም፤ በሰፈሩ ሐዲድ ያሰረ ሰው ሌላ የለም። ተስማማን፦ ሞጆ መገንጠያ ትሁን፣ ከሞጆ በስተምሥራቅ ያለው የእርሳቸው፣ በስተደቡብ ያለው የኔ። ከጣቢያ የሚቀነሰው ላይ ግን ተጣላን። ቦታው ጠባብ ነው፤ እኔ አዋሽንና ድሬዳዋን ብቻ እናስቀር አልኩ። እርሳቸው ሚኤሶን፣ አፍደምን፣ ኤረርን፣ ሁርሶን በየተራ እየጠሩ በእያንዳንዱ ጣቢያ የበሉትን ነገሩኝ። አንድ ጣቢያ በዛፉ ጥላ፣ ሌላው በፍየል ወተቱ፣ ሌላው በአንዲት ሴት ፈገግታ ተከራክረው አስቀሩት። አዋሽ ድልድይማ ለድርድር አይቀርብም። እውነተኛው ከገደሉ በላይ 60 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በኛ ስኬል 69 ሳንቲ ሜትር። ጠረጴዛው ላይ ሲቆም ባቡሩ ከቆርቆሮው ጋር እየተሻሸ ነው የሚሻገረው።

"ጭንቅላቱን ዝቅ ያድርጋ!" አሉ ጋሼ።

አናጺው መጣ። ቢቸግረኝ እንጂ አናጺ ለእንዲህ ያለ ሥራ መጥራት ራስን ማጋለጥ ነው። ቀና ብሎ ካፕሪያታውን አየ፣ ኮርኒሱን በእጁ ገፋ ገፋ አደረገና ጠየቀኝ።

"ፋዘር፣ የሚቀመጠው ዕቃ ስንት ኪሎ ነው?"

"ግማሽ ኪሎ አይሞላም።"

"ለግማሽ ኪሎ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ሞራሌና ጣውላ?"

"እኔም አለሁበት።"

"እርሶስ ስንት ኪሎ ኖት?"

መልሱን ከሰማ በኋላ የሞራሌውን ቁጥር ጨመረው። ኮርኒሱ ቺፑድ ነው፤ ድመት ይሸከማል፣ ምናልባት ሁለት ድመት። ባለቤቴ ከኩሽና ሆና "ረግጠኸው ከወረድክ የምታርፈው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እንግዳ ካለ ሰላም በል" ብላ ገባች።

ከቆርቆሮ በታች ስላለው አየር የሚያወራ ሰው ሐዋሳን በየካቲት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይቅመሳት። ሐይቁ ዳር ነፋስ ይነፍሳል፤ ጣሪያው ሥር ዳቦ ይጋገራል። ብረት ደግሞ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ለእነዚህ ትንንሽ ሐዲዶች የሚውለው ብረት አሥር ሜትሩ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ክፍተት ሳይተውለት ከጫፍ ጫፍ የተቸነከረ ሐዲድ ቀትር ላይ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የድሮው ባቡር ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከዚሁ ክፍተት ነው የሚመጣው፤ ሐዲዱ እየተበየደ በተያያዘ መስመር ላይ ግን ባቡሩ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። "ድምፅ የሌለው ባቡር ምን ባቡር ነው!" ብለው በአንድ አፍ ክፍተት ይተው ተባለ። ማታ ማታ ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ እንኳን የባቡር ድምፅ የራስን ሐሳብም መስማት አይቻልም። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ነባር ነዋሪዎቹ አሉ። አይጥ ከነጅራቷ በ87 ስትባዛ አንድ ሙሉ የመንገደኛ ፉርጎ ትበልጣለች፤ ሐዲድ ላይ ተኝታ ብትገኝ ትራፊክ ይቋረጣል። ጦጣዎቹን ሐዋሳ የኖረ ያውቃቸዋል፤ የተከፈተ መስኮት አይተው አያልፉም፣ ሙዝ ከጠረጴዛ አንስተው የሚሄዱ ሎኮሞቲቭን የሚተዉበት ምክንያት አይታየኝም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከአሞራ ገደል ዓሣ ጠግቦ የቤታችን ጣሪያ ላይ የሚያርፈው አባ ኮዳ ነው። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። በስኬሉ 130 ሜትር የሚሆን ወፍ በሞጆ ጣቢያ ሰማይ ላይ ሲራመድ፣ የቆርቆሮው ንዝረት ለትንንሾቹ መንገደኞቼ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

ሐዋሳ መጨረሻ ጣቢያ ስለሆነች ባቡሩ መዞር አለበት። እኔ ያሰብኩት ሐይቁን ዞሮ በመጣበት ሐዲድ እንዲመለስ ነው፤ በወረቀት ላይ እጅግ ያምራል። ችግሩ ግን የዚህ ዓይነት ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከሁለቱ ሐዲዶች ነው፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ። ቀለበት ሠርቶ ሲመለስ ቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይገናኝና ሾርት ያደርጋል። መፍትሔው የቀለበቱን አንድ ክፍል ከሌላው ቆርጦ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚያገላብጥ ማብሪያ ማጥፊያ ለብቻው መስጠት ነው። ኩርባውም ቢሆን ከ36 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ በታች ከሆነ ፉርጎው ይወድቃል፤ ያ ደግሞ በእውነተኛው ዓለም 31 ሜትር ማለት ነው፣ የትኛውም የዋና መስመር መሐንዲስ ቢያየው እርሳሱን ይሰብራል። ሥራው ሁሉ ማጭበርበር ነው፤ ጥሩ አጭበርባሪ ግን ዛፍና ተራራ የት እንደሚተክል ያውቃል።

"መቼ ያልቃል?" አለች ባለቤቴ፣ የጣውላውን ዋጋ ካየች በኋላ።

ታሪክ ጠቀስኩላት። የጅቡቲው ባቡር ውሉ በ1886 ዓ.ም. ተፈርሞ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ መሀል መንገድ ላይ ገንዘብ አልቆበት ከስሯል። ምኒልክ ራሳቸው ባቡሩ ከተማቸው ሳይገባ ነው ያረፉት።

"ምኒልክ ደመወዛቸውን ለሞራሌ አላወጡም" አለችኝ።

እሑድ ዕለት ጋሼ እኛ ቤት እያሉ የባለቤቴ ወንድም ከሻሸመኔ መጣ። ዕቅዱ በትልቅ ወረቀት ተሥሎ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ። ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በስኬሉ 287 ሜትር ቢሆንም ካሉኝ ጥቂት ሜትሮች ላይ የእጅ ክንድ የምታህል ቦታ ሰጥቼዋለሁ። አማቼ እጁን ከኋላው አጣምሮ ብዙ ቆመ።

"ይሄ የሚዞረው ነገር ምንድን ነው?"

"ሐይቁ ነው። ባቡሩ ዞሮ ሾርት እንዳያደርግ—"

"ሾርትም አለው?" አለ። "ሻሸመኔ ላይ ብታቆመውስ? መንገድ ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው። ሐይቅ የለ፣ ሾርት የለ።"

"ባቡሩ የሐዋሳ ነው" አልኩት።

"የሐረር ነበር የሚባለው ባቡርስ ሐረር ገባ? ተራራው ሲከብደው ታች ቀርቶ ድሬዳዋን ሠራ። ተወው፣ ሻሸመኔ ድሬዳዋ ትሁን።"

ወደ ጋሼ ዞርኩ፤ ድረሱልኝ ማለቴ ነበር። ድሬዳዋ የሚለውን ስም ሲሰሙ ግን ዓይናቸው በርቶ ነበር። "ወላሂ ልክ ነው!" አሉ። ባለቤቴም የሻሸመኔ ልጅ መሆኗን በዚያች ቅጽበት አስታወሰችና ላጲስ አቀበለችው። አማቼ ሐይቁን ከነቀለበቱ አጠፋው፣ ጣቢያዋን አጠፋት፣ በምትኳ ሻሸመኔ ላይ ሦስት ተጨማሪ መስመር ሠርቶ ስሟን በትልቁ ጻፈ።

"ሐዋሳ የሚገባ መንገደኛስ?" አልኩ።

"ሚኒባስ ሞልቷል" አለ።