መልአክ ያላወጣው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎችን ስም ግን የሚያወጡት መሐንዲሶች ናቸው፤ መልአኩ በዚያ ሰፈር የሚያልፍ አይመስልም። ደግነቱ መሐንዲስ ሲሳሳት የሚያርም ሊቅ ሞልቷል። አዲስ ሰነድ በወጣ በሰዓቱ ርዕሱን አንብቦ፣ ስቆ፣ ፈርዶ ወደ ሥራው የሚመለስ ሊቅ። ይህን ሰው ሳደንቅ እኖራለሁ። ርዕሱ ከላይ በትልቁ ተጽፎ ሳለ ከሥር ያለውን ሁሉ ማንበብ ምን ይሉታል?

እ.ኤ.አ. በ2009 ብራድ ፊትዝፓትሪክና ብሬት ስላትኪን የተባሉ የጉግል መሐንዲሶች አንድ ፕሮቶኮል ይዘው ብቅ አሉ። ስሙን «ፐብሰብሀበብ» አሉት። እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አሁን ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ፣ አለቃ ፊት፣ «ለፐብሰብሀበብ በጀት ይያዝልን» በሉ። ሊቃውንቱ የተቆጡት በዚህ ነው፤ ደግሞም እውነት አላቸው፤ ስሙ ያስቃል።

ነገሩ ራሱ ግን ብዙም አያስቅም። ከዚያ በፊት የዜና ማንበቢያ ፕሮግራሞች አንድ ድረ ገጽ አዲስ ነገር እንዳወጣ የሚያውቁት እየተመላለሱ በመጠየቅ ነበር። ቡና ተፈልቶ እንደሆነ ለማወቅ በየአምስት ደቂቃው የጎረቤት በር የሚያንኳኳ ሰው አስቡ፤ ፐብሰብሀበብ «ቤታችሁ ቁጭ በሉ፣ ሲፈላ ልጅ ልኬ አስጠራችኋለሁ» የምትል ጎረቤት ናት። የተላላኪውን ሥራ የሚሠራው «ሀብ» የተባለ ማዕከል ነው። ጸሐፊው ጽሑፉን ሲያወጣ ለማዕከሉ ይነግራል፤ ማዕከሉ ደግሞ ለተመዘገቡት ሁሉ ጽሑፉን ራሱን ያደርሳል።

መከራከር ለሚወድ ሰው እዚህ ውስጥ ስንት ነገር ነበረ! ተንኮለኛ የሌላ ሰው አድራሻ ሰጥቶ ቢያስመዘግብስ? ሰነዱ አስቦበታል፤ ማዕከሉ በዘፈቀደ የተሠራ የፊደል ድርድር ወደተባለው አድራሻ ይልካል፣ ተቀባዩ ያንኑ ሳያዛንፍ ካልመለሰ ምዝገባው አይጸናም። ምዝገባውስ እስከ መቼ? የጊዜ ገደብ አለው፤ ካልታደሰ ይቋረጣል። ማዕከሉን የያዘው አንድ ትልቅ ኩባንያ ሆኖ አንድ ቀን ቢሰለቸውስ? ይቺ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ የምታነታርክ ናት። ግን የት ላይ ይሳቃል? ሳቅ የሌለበት ክርክር ደግሞ ማንበብ ይጠይቃል፤ ማንበብ የሊቅ ሥራ አይደለም።

ቅሬታው በመጨረሻ ሰሚ አገኘ። የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት ፕሮቶኮሉን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሲያጸድቀው «ዌብሰብ» የሚል የክርስትና ስም ይዞ ነበር። አጭር፣ ንጹሕ፣ አለቃ ፊት የማያሳፍር። እንግዲህ በስሙ ምክንያት ብቻ ርቆ የቆየው ሕዝብ ተሰልፎ ይመጣል ብላችሁ በር ከፍታችሁ ጠብቁ። የሚገርመው፣ ሰልፉ አልታየም። ዌብሰብ ላይ ምን ይሳቃል? የዜና ማንበቢያዎች ንጉሥ የነበረው ጉግል ሪደርም በ2013 ተዘግቶ ነበር፤ ያ መዘጋት ፕሮቶኮሉን ከየትኛውም ስም የበለጠ ጎድቶታል ባይ ነኝ። ዩቲዩብ በበኩሉ ለፕሮግራመሮች ባዘጋጀው መመሪያ የቀድሞውን ስም ሳያፍርበት እየጠራ፣ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ በዚሁ መንገድ ማሳወቁን ቀጠለ። ኮምፒውተሮቹ አንድ ቀን እንኳ ስቀው ሥራ አላስተጓጎሉም።

በዚያው በ2018 ደግሞ «ዶህ» የተባለ ሌላ ፕሮቶኮል መጣ። የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ያየ ሁሉ ሆመር ሲምፕሰን ሲሳሳት የሚጮኸውን ያውቃል፤ ስለዚህ ቀልዱ ተሠርቶ ያለቀ ነበር። ከቀልዱ ሥር የነበረው ነገር ግን ይህ ነው፦ ኮምፒውተራችሁ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ገላጣውን ሲሄድ የኢንተርኔት አቅራቢው ያነበው ነበር። ዶህ ሸፈነው። የብሪታንያ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ማኅበር ይህን የደገፈውን ሞዚላን በ2019 «የኢንተርኔት ሸረኛ» ለሚለው ሽልማት አጨው፤ ውግዘት ሲወርድበት እጩነቱን ሰረዘ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የሞዚላ ብራውዘር ፋየርፎክስ የአሜሪካ ተጠቃሚዎቹን ጥያቄ በነባሪነት ክላውድፍሌር ወደተባለ አንድ ኩባንያ ይልክ ጀመር። ከአቅራቢው ዓይን ወጥቶ ኩባንያው እጅ መግባት ይሻላል ወይስ ይብሳል? ይቅርታ፣ ስለ ሆመር ነበር የምናወራው።

ለሊቃውንቱ ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን «ሬፈረር» ነው። ብራውዘር አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገርባት መስመር ናት። በእንግሊዝኛ ስትጻፍ አንድ «አር» ተዘለለች፤ ግድፈቱም በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ታተመ። ስለዚያች ፊደል ያልተሳቀበት ቢሮ የለም። መስመሯ የምትሸከመው ጭነት ግን ከፊደሏ ይከብድ ነበር፤ ሰው ስለ አንድ በሽታ ሲያነብ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ካለ፣ አስተዋዋቂው የገጹን ሙሉ አድራሻ ከነበሽታው ስም ይቀበል ነበር። ክሮም ይህን በነባሪነት ቆርጦ ለሌላ ድረ ገጽ የመጣበትን ጣቢያ ስም ብቻ ማስተላለፍ የጀመረው በ2020 ነው። ከ1996 እስከ 2020 ስንቱ ሕመምተኛ አለፈ፤ ፊደሏ ግን አንድም ቀን ሳትነሣ አልዋለችም። ጭነቱን የሚገድበው አዲሱ መመሪያ ሲመጣ ስሙ ሁለቱንም «አር» አሟልቶ ተጻፈ፤ የድሮዋ እንደጎደለች ቀረች። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ፋይል ጎን ለጎን የሚጽፍ ፕሮግራመር የቱ ላይ ስንት እንደሆነ ሲያደናግረው ይውላል፤ ሊቃውንቱም ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የሚስቁበት አላጡም።