የወናፍ ልጆች

በእስራኤሏ ክርያት ሞጽኪን ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከቤት የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ማታ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ሲነጋ ሶፋው ተወስዶ ትራሱ ብቻ ቀርቶ ይገኛል። ሌላው በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ «አልቴ ዛኸን! አልቴ ዛኸን!» እያለ የሚዞረው ሰው ነው። ቃሉ ይዲሽ ነው፤ «አሮጌ ዕቃ» ማለት ነው። ጠሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዐረብ ነው፣ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ዋጋ የሚከራከረው ደግሞ የጎንደሩ አጎቴ ነው። ሦስቱም ወገን አዲስ አበባ ቢገናኙ ኖሮ «ቆራሌው!» በሚለው ይግባቡ ነበር።

ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ፣ እርሾ የነካው ፍርፋሪ እየተፈለገ፣ ከቦይደሙ ላይ (ጣሪያ ሥር ያለችዋን የዕቃ ማጎሪያ እዚህ አገር እንደዚያ ይሏታል) አንድ ካርቶን ወረደ። በውስጡ የልጅነቴ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ከነካሴቶቹ ተኝቷል። አጎቴ ወዲያው ወደ መስኮቱ ሄደ። የአልቴ ዛኸኑ ድምፅ ሁለት መንገድ አልፎ ይሰማ ነበርና ሊጠራው ነው። «ቆይ እንጂ፣ ይሠራ እንደሆነ እንየው» አልኩ። ቤታችን ውስጥ ከዚህ የከፋ ዐረፍተ ነገር የለም። ጥሩ ዕቃ የተሰበረውም፣ ጥሩ ቅዳሜ ማታ የባከነውም በዚህ ነው።

የማጫወቻው ስም ራሱ ጣጣ ነው። እኛ «ኒንቴንዶ» እንለዋለን። አብረውኝ የተማሩት እስራኤላውያን «ሜጋሰን» ይሉታል፤ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እዚህ የታወቀው ዓይነት እሱ ስለነበረ። ታች ያለው ሩሲያኛ ተናጋሪ ጎረቤታችን ደግሞ «ዴንዲ» ይለዋል፤ በ1992 መጨረሻ ሩሲያ ገበያ የወጣው በዚህ ስም ነውና። ሁሉም የአንድ ማሽን ቅጂ ናቸው፤ የኒንቴንዶው ፋሚኮም ቅጂ። የኛው ደግሞ ምልክቱ ተልጦ የወደቀ፣ አባቱ የማይታወቅ ቅጂ ነው። ዋናው ፋሚኮም ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በ1983 ነው። እኛም ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣነው በ1983 ነው፤ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ግንቦት 16 እና 17፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሆነን። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እኛ በሐበሻ። ስምንት ዓመት ዘግይተን ብንደርስም ዓመተ ምሕረቱ አንድ ነው።

አሮጌውን ቴሌቪዥን ከእናቴ መኝታ ቤት አመጣን፤ አዲሱ የዚህን ማሽን ገመድ አይቶ አያውቅም። ሰካን፤ ከፈትን። ሙዚቃው ጥርት ብሎ መጣ። ሥዕሉ ግን የተቀዳደደ ጋዜጣ በጨለማ መልሰው የለጠፉት ይመስል ነበር። የጨዋታው ጀግና የማሪዮ ጭንቅላት ወገቡ ላይ ሆኗል። ደመና መሆን ያለበት ቦታ ላይ የቁጥር ስባሪ፣ ጡብ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የዛፍ እግር ተደርድሯል። በዚያ ሁሉ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ እኩል እኩል እየተራራቁ፣ እንደ ቀሚስ ጥለት ቀጫጭን መስመሮች ወርደዋል።

ቡና ተፈልቶ ስለነበር ሐኪም አልጠፋም። አክስቴ ቴሌቪዥኑ ነው አለች፤ እሷ ከልቧ ያልወደደችው ዕቃ ሁሉ ጥፋተኛ ነው። አጎቴ ጥፊ አዘዘ። ትእዛዙንም ራሱ ፈጸመ፤ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። ሥዕሉ ለአፍታ ተንቀጥቅጦ በሌላ ዓይነት ተበላሸ። አጎቴ «አየህ፣ እየተሻለው ነው» አለኝ። ሃይቴክ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «አፕዴት አድርጉት» አለ። ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ሳይሰማ ያረጀ ማሽን ነው እኮ።

እናቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች፤ ከዚያ «በሉ ወዲህ ስጡኝ» ብላ ካሴቱን ነቀለች፣ አፉን ወደ አፏ አስጠጋች፣ «እፍፍፍ!»

ይህን እፍታ የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው የለም። ካሴቱ እንቢ ሲል እፍ ይባልበታል። አንዳንዱ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ አንዳንዱ መሐሉን ብቻ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሞቅ ያለ ትንፋሽ «ሃ» ብሎ በሸሚዙ ይወለውለዋል። ማንም ለማንም አላስተማረም። ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን የጃፓን፣ የብራዚል፣ የሞስኮና የክርያት ሞጽኪን ልጅ እንዴት አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ጊዜ እንደሠራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በእኛ ቤት ግን ሥሩ ጠለቅ ይላል ብዬ እጠረጥራለሁ። የእናቴ አባት ጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ያኔ ጎረቤቶቻችን ቀጥቃጭን ቡዳ ይሉት ነበር፤ ማረሻቸውን የሚያሾሉት ግን እሱው ዘንድ ነበር። እናቴ ልጅ ሆና ሥራዋ ወናፍ ማናፋት ነበር። ሲናፋ ከሰሉ ይቀላል፣ ብረቱ ይታዘዛል። እንዲህ ያደገ ሰው ብረት ሲያምፅ ሌላ ምን ያስብ? የካሴቱም ጥርስ ብረት ነው። ያሳዘነኝ ሌላው ነው። ከቀጥቃጭ ቤት ወጥተን፣ የቀረችልን የእጅ ሙያ ይህችው እፍታ ብቻ መሆኗ።

እፍታው አንዳንዴ የሠራ ይመስል ነበር። የሚሠራው ግን አየሩ አይደለም፤ ካሴቱን ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው። ስድሳዎቹ ጥርሶች ስፕሪንጎቹን እንደገና ፍቀው ሲገቡ ያልነካካው ይነካካል። ትንፋሹ የሚጨምረው እርጥበት ነው፤ እርጥበቱ ቀስ ብሎ ጥርሱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ እንደገና ያስነፋል። ኒንቴንዶ ራሱ «አትንፉ» ብሎ ያስጠነቅቃል። እዚህ ደግሞ ከሐይፋ የባሕር ወሽመጥ የሚመጣው ጨውማ እርጥበት ያለ እኛ እርዳታም በቂ ነበር።

በመጨረሻ ታች ያለው ጎረቤት ተጠራ። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የመጣ ነው፤ እናቴ «ኢንጂነሩ» ትለዋለች፤ እሱ አማርኛ አያውቅም፣ እሷ ሩሲያኛ አታውቅም፣ ሠላሳ ዓመት በእጅ ምልክትና በድፎ ዳቦ ሲግባቡ ኖረዋል። ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያይ ጀመር። አንድ ደቂቃ፤ ሁለት፤ ሦስት። በቤታችን ታሪክ አንድ የተበላሸ ዕቃ ሳይነካ ሦስት ደቂቃ ታይቶ አያውቅም። አጎቴ በጆሮዬ «አላወቀውም» አለኝ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ሙዚቃው ትክክል ነው? ነው። ቁልፉን ስትጫን ይዘላል? ይዘላል፤ ምኑ እንደሚዘል ባይለይም። «እንግዲያው አእምሮው ደህና ነው፤ የታመመው ዓይኑ ነው» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእንዲህ ያለ ካሴት ውስጥ ጨዋታውን የሚያዘው ፕሮግራምና የሥዕሎቹ ማኅደር ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ ወደ ማሽኑም የሚሄዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ስለዚህ የሥዕሉ መንገድ ሲበላሽ ጨዋታው ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። (ግራጫው የአሜሪካና የአውሮፓ ኒንቴንዶ ዘበኛ ቺፕ ስላለው ንክኪው ሲላላ ብዙ ጊዜ በየሰከንዱ ብልጭ ድርግም እያለ ያስቸግራል፤ የኛ ቅጂ ዘበኛ የለውምና የተገኘውን ሁሉ ያስገባል።)

ማያ ገጹ ደግሞ በወርድ 32፣ በቁመት 30 ትናንሽ ንጣፎች የተደረደሩበት ነው፤ ባጠቃላይ 960። እያንዳንዱ ንጣፍ 8 ነጥብ በ8 ነጥብ ነው። ጎረቤታችን ጣቱን መስታወቱን ሳያስነካ አሳየን። ደመና ቦታ ላይ ሌላ ሥዕል ከመጣ ማሽኑ የተሳሳተ አድራሻ አንኳኩቷል ማለት ነው፤ ከአድራሻ መስመሮቹ አንዱ አይነካም። ሥዕሉ ራሱ ትክክል ሆኖ ከላይ እስከ ታች መስመር ከወረደበት ግን አድራሻው ደህና ነው፤ ሥዕሉን ከሚያመጡት ስምንት መስመሮች አንዱ ሞቷል። በየንጣፉ ስምንት ዓምድ አለ፣ ለየዓምዱ አንድ መስመር አለ፤ አንዱ ሲሞት በየስምንተኛው ነጥብ ላይ ያው ዓምድ ይበላሻል። እናቴ ተርጉሜላት ስትሰማ «ጥለት ሲሠራ አንድ ክር ከተሳተ እስከ ጫፍ እንደዚያው ነው የሚወርደው» አለች። ተርጉሜ ለእሱ ነገርኩት። «ከሁላችሁም የገባት እሷ ናት» አለ። እኛ ዘንድ ግን የአድራሻውም የመስመሩም ሕመም፣ ሁለቱም ነበሩ።

ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት ሌላ ካሴት ጠየቀ፤ ጥፋቱ የካሴቱ ወይስ የማሽኑ እንደሆነ ለመለየት። የቀረበለት ሽፋኑ ላይ «በአንድ 9999» የሚለው ነበር። ሁላችንም ልጅ ሆነን 9999 ጨዋታ ያለው ካሴት አለኝ ብለን ፎክረናል፤ ጥቂቶቹ በተለያየ ስም እየተደጋገሙ እንደሚመጡ የታወቀን ካደግን በኋላ ነው። ከማወቃችን በፊት የነበረው ደስታ ግን እውነተኛ የ9999 ጨዋታ ደስታ ነበር። በዚህኛው ካሴት ንጣፎቹ ቦታቸውን ያዙ፣ ጥለቱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አንዱ በሽታ የካሴቱ፣ ሌላው የማሽኑ ነው።

የካሴቱ ጥርሶች አረንጓዴ ሆነዋል። «ይህ ምንድን ነው?» አለ ጎረቤታችን። ማንም አልመለሰም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የነፋነው እዚያ ነበር። አልኮል ሲጠይቅ አጎቴ በደስታ ተነሥቶ ዐረቄ ይዞ መጣ። «ይህም አልኮል ነው» አለ። ጎረቤታችን ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተ፣ ከአንድ ብርጭቆ በላይ ቀዳ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ከፋርማሲ የተገዛውን አምጡ አለ። የዐረቄ ውኃ ለጥርሱ አይሆንም፤ ለእሱ ግን ሆኗል። ጥጥ በእንጨት ጠምጥሞ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ጥጡ እየጠቆረ ወጣ፤ ስድስተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ።

ማሽኑን ሲፈታው የጥለቱ ምክንያት ተገኘ። ካሴቱ የሚሰካበት ክፍል ከቦርዱ ጋር ከተበየደበት እግር አንዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ሰው ሲጫነው ይገናኛል፣ ሲለቀው ይለያያል። ጎረቤታችን በአጉሊ መነጽር አይቶ «ይህ የመታው ሰው ሥራ ነው» አለ። ትርጉሙን ስናገር ወደ አጎቴ አላየሁም፤ ሌሎቹ ግን አዩት። አጎቴ ብርጭቆውን አየ።

የብየዳው ብረት ጋለ፣ ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ እናቴ አፍንጫዋን ወደ ጢሱ አስጠግታ ዝም አለች። የማን ቤት እንደ ሸተታት አልጠየቅኳትም። የብየዳው ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ምርመራው ሁለት ሰዓት ፈጅቷል፤ ከሁለቱ አንዱ የእኛ ምክር ነበር።

ሽፋኑን ሳይገጥም ከፈተው። ማሪዮ ሙሉ ሰው ሆኖ ቆመ፣ ደመናው ደመና ሆነ። የእህቴ የአሥር ዓመት ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ቴሌቪዥኑን አየና «መቼ ነው የሚጠገነው?» አለ። ማንም ስላልመለሰለት ተመልሶ ገባ።

እናቴ ግን ተነሣች። ሰው በእጁ ሲሠራ ሳይመረቅ አይወጣም። «ልጄ፣ እጅህ አይድከም፤ ዕድሜህ ይርዘም፤ ያሰብከው ይሙላልህ» አለችና እንደ ሽማግሌ ወግ «እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!» አለች፤ እሱም ላይ፣ ከፊቱ ክፍት ሆኖ በተቀመጠው አዲስ በተጠረገው ማሽን ላይም። ጎረቤታችን ሽፋኑን ብድግ አድርጎ ለመክደን ሞከረ፤ ዘግይቷል። በጥጥ ሲጠርግ አንድ ቃል ሳይናገር የቆየው ሰው መልሶ አልኮሉን ከፈተ።

ወደ በሩ ሲሄድ እናቴ በእኔ በኩል አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ከእንግዲህ አይበላሽም ወይ? ኢንጂነሩ ቆም አለ። አሰበ። ከዚያ በግራ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ እንደ አገሩ ልማድ ለክፉ ዓይን፣ «ትፉ፣ ትፉ፣ ትፉ» አለና የበሩን እንጨት ሦስት ጊዜ አንኳክቶ ወረደ።