የተቆጠረ ጉድጓድ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ በመላ አገሪቱ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተባልን። መጨረሻ ላይ ያለችውን 60 ልብ በሉልኝ፤ አንዲት ችግኝ አልተዘለለችም! የወረዳ ሹም በግምገማ «ስንት ተከልክ?» ይባላል። «ስንቱ ጸደቀ?» የሚባልበት ጊዜ ሲደርስ እሱ ወደ ዞን ከፍ ብሏል። ችግኙ ግን ዝውውር የለውም። ከሚሴ ብትሄዱ ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ የቦርከና ሸለቆ ፀሐይ ይቆላዋል፤ የጽድቀት ግምገማውን የምታካሂደው ፍየል ናት። ካርቦን የሚውጠው ደግሞ የቆመ ዛፍ እንጂ የተቆጠረ ጉድጓድ አይደለም። ትልቁ ግራር በማዳበሪያ ተቋጥሮ ከሰል ሆኖ ሲሸኝስ? የሪፖርት ቅጹ ላይ «የተከሰለ» የሚል ዓምድ የለም። እንግዲህ ዘንድሮም ለተከላ ስትጠሩ አካፋችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ፎቶው ላይ ብቻ ለሹሙ ቦታ ልቀቁለት።