«ኢንቦክስ» አትበለኝ

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ምግብ ቤትህ ውስጥ ካሸርህ ጀርባ ለጥፈሃል፣ ወንድሜ። ንጉሥ ሲጠይቅ ዝም ይባላል እንዴ? ፌስቡክ ላይ የዶሮ ወጥህን ፎቶ ለቀቅህ፤ አንዲት እህት «ስንት ነው?» አለችህ፤ «ኢንቦክስ» አልካት። ምሥጢርህን ነው የጠየቀችህ?

«ተፎካካሪ ዋጋዬን ያየዋል» ትላለህ። ተፎካካሪህ ኢንቦክስ መጻፍ አያውቅም? «ጠያቂ ሁሉ አይገዛም» ትላለህ። ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው መርካቶ አይተህ ታውቃለህ? «ቢዚ ነን» ትላለህ። ፎቶ ለመለጠፍ የተገኘ ጊዜ «18 ዶላር» ብሎ ለመጻፍ ጠፋ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ የጤፉ ነገር ነው። «እንጀራችሁ ንጹህ ጤፍ ነው?» ብሎ ይጠይቃል አንዱ፤ የምትመልስለት ቀይ ልብ ነው። ሰውየው የጠየቀህ ስለ ሊጥህ እንጂ ስለ ልብህ አይደለም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እዚህ አሜሪካ ግን ጤፉ ላይ ስንዴ ወይም ገብስ የሚቀላቅል ብዙ ነው፤ ይህን አንተም እኔም እናውቃለን። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የማያስበላ ሕመም ያለበት ሰው ስንዴ ከበላ አንጀቱ ይጎዳል። «የእኛ ስንዴ አለበት፤ ንጹህ ጤፍ ከፈለጉ ከአንድ ቀን በፊት ይዘዙን» ማለት ምኑ ያሳፍራል? ምጣዱ አንድ ከሆነ እሱንም ንገረው። እውነቱን የሰማ ሰው ዛሬ ባይበላ እንኳ ጓደኛውን ይልክልሃል።

ክረምቱስ? እዚህ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ መንገድ ከበረዶ ለመጥረግ «ስኖው ኢመርጀንሲ» ሲታወጅ፣ ከማታ 3 ሰዓት ጀምሮ «ናይት ፕላው» የሚል ምልክት ባለበት መንገድ የቆመ መኪና ይቀጣል፣ ይጎተታል። «ማታ ክፍት ናችሁ? መኪና የት እናቁም?» ያለህ ሰው ወሬ ፍለጋ አይደለም፤ እራቱን አንተ ጋ ለመብላት አስቦ ነው። አንተ ግን ፖስተር ከነስልክ ቁጥሩ ትልክለታለህ። ስልኩንም አታነሳም!

«ሽሮው ቀዝቅዞ መጣልኝ» ያለህን ደግሞ ኮሜንቱን አጠፋህበት። ኮሜንት ሲጠፋ ሽሮ አይሞቅም፣ ወንድሜ። ብሎክ ብታደርገው አፉን እንጂ ሆዱን አልዘጋኸውም፤ አፉንም ቢሆን ፌስቡክ ላይ ብቻ ነው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ትናንት ማታ ነው? በዴሊቨሪ ነው ወይስ እዚሁ ቁጭ ብለህ?» ብለህ ብትጠይቀው፣ ችግሩ ከወጥ ቤትህ ይሁን ከሾፌሩ አንተም ታውቅ ነበር።

አንተስ ደንበኛው? አስተናጋጇ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ስትልህ «በጣም አሪፍ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ወጥተህ፣ መኪና ውስጥ ስትገባ 1 ኮከብ የሰጠኸው ለማን ብለህ ነው? ፊት ለፊት ብትነግራት ሽሮው ይሞቅልህ ነበር።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ባለ ምግብ ቤቱ። «ወሬ ገንዘብ አይሆንም» ላልከኝ፣ ቦሌ የሚባለውን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተመልከትልኝ። በሜይ 2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ በተነሳው ሁከት፣ ሴንት ፖል ሚድዌይ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ተቃጠለ። ሕዝቡ ኢንተርኔት ላይ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አዋጣላቸው፤ በዚያው ዓመት ፓስካል ጎዳና ላይ እንደገና ከፈቱ። ፖስተር ብቻ ሲለጥፍ ለኖረ ቤት ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላምንም። ኪሱን የሚዳብሰው ለሚያውቀው ሰው ነው።

«እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም» የምትለውንም ሰምቻለሁ። ማን ድርሰት ጠየቀህ? «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» እያልክ ለክርስትና ድግስ ዋጋ ለጠየቀውም፣ ጃኬት ረስቶ ለሄደውም አንድ ዓይነት መልስ ከምትልክ፣ ጠረጴዛ ዳር ቆመህ የምትናገረውን ያንኑ ጻፍ። «ዛሬ ጎመን አልቋል፤ ነገ 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል» በል፤ ጎመን ወዳዱ ነገ 5 ሰዓት በርህ ላይ ነው።