ስለ አምፕሊፋየር ጩኸት የወጣ አዋጅ ቁጥር 220/50

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ላልሰማው አሰማ!

እኛ፣ ሥዩመ ፊውዝ ወዐቃቤ ሶኬት፣ በጎንደር ፒያሳ ከአዝማሪ ቤት ጓዳ መበየጃ ይዘን የምንውል፤ ክራርና ጊታር የሚሰካበት ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም፣ ሲንጣጣና ሲያፏጭ ሰምተን፤ ለጥምቀት በሚመጣው እንግዳ ፊት እንዳያዋርደን ሰግተን፤ ከጃንተከል ዋርካ ሥር ቆመን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ጥፊ ተሽሯል። ድምፁ በተበላሸ ቁጥር ሳጥኑን ከጎኑ ማጮል እስከ ዛሬ በልማድ ሲሠራበት ቆይቷል። በጥፊ ዝም ያለ አምፕ ግን አልተፈወሰም። ወይ ቫልቩ ከሶኬቱ ላልቷል፣ ወይ አንድ ብየዳ ተሰንጥቋል፤ ጥፊው ያደረገው ምስክሩን ማስፈራራት ብቻ ነው። በተለይ ከደባርቅ ሠርግ በአይሱዙ ተጭኖ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲንገጫገጭ የመጣ ሳጥን፣ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቫልቮቹ በየሶኬታቸው በደንብ መቀመጣቸው ይታይለት።

አንቀጽ 2። ማንኛውም ድምፅ ከመወንጀሉ በፊት አድራሻው ይጣራ። መጀመሪያ የክራሩ ገመድ ከአምፑ ይነቀል። ጩኸቱ አብሮ ከሄደ ጥፋተኛው ገመዱ ወይም ክራሩ ነው፤ ፍሎረሰንት መብራት ሥር የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ክራር መብራቱንም ያዘፍናል። ካልሄደ ቮልዩሙ ወደ ዜሮ ይውረድ። ድምፁ አብሮ ከወረደ ችግሩ ከቮልዩሙ በፊት፣ ባለበት ከቀጠለ ከቮልዩሙ በኋላ ነው። በዚህች ምርመራ ብቻ ግማሹ ሳጥን በነጻ ይለቀቃል።

ጉርምርምታን በተመለከተ፦ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ዝቅ ብሎ የሚያጉረመርመው የዚሁ የ50 ሄርዝ ዘመድ ስለሆነ የቫልቭ ማሞቂያው ሽቦ ወይም የመሬት መስመሩ ይጠርጠር። ድምፁ ከፍና ሰላ ብሎ 100 ሄርዝ ከሆነ፣ የኃይል ክፍሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች አርጅተዋል። ማንም ሳይነካው እንደ ባጃጅ ዱቅ ዱቅ የሚለውም ብዙውን ጊዜ የካፓሲተር ጉዳይ ነው።

ሲነኩት ለሚያቃጭል ደግሞ እርሳስ ይበቃል። 12ኤኤክስ7 የምትባለው ትንሽ ቫልቭ በእርሳሱ ጀርባ ቀስ ተደርጋ መታ መታ ትደረግ፤ ጆሮ ወደ ስፒከሩ ነው። ለመግቢያው የቀረበችው ቅጭል ብትል አትወቀስ፤ ሥራዋ ትንሹን ማጉላት ነውና። አንዴ ተነክታ ፉጨቷ አልቆም ካለ ግን ትሻር፣ ሌላ ደህና ቫልቭም በቦታዋ ይሾም። በችኮላ አይሻር፤ ቫልቭ ዛሬ በብዛት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው፣ ቅዳሜ ገበያ አይሸመትም።

ማሲንቆ ስፒከር ፊት ቆሞ ቢጮህ አምፑ አይከሰስ። ቆዳ የለበሰ መሣሪያ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ሲመታው ከመንቀጥቀጥ አይመለስም። ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ይበል።

አንቀጽ 3። እዚህ ላይ አንቀልድም። በሳጥኑ ውስጥ ከ300 እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ፤ ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ አድፍጦ ይቆያል። ኃይሉን በሬዚስተር አፍስሶ፣ በመለኪያ አይቶ ያላረጋገጠ ሰው እጁን እንዳያስገባ። ስፒከር ሳይገናኝ አምፑን ያበራም የውጤት ትራንስፎርመሩን እንደሚያቃጥል ይወቅ። ጉርምርምታውን ዝም ለማሰኘት የመሬት ሽቦውን የሚቆርጥ ጠጋኝ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አዝማሪው ክራሩን እንደያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ የሚደነግጥበትን ምክንያት ከዚህ ይፈልግ።

አንቀጽ 4። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የመለሰ፤ የወገራ ብርድ እንዳይመታው ብሎ ለበራ አምፕ ጋቢ ያለበሰ፤ መብራት ሲሄድ ሳያጠፋው ትቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጡጫ ያስቀመሰው፤ ሦስቱም አንድ ሌሊት ሙሉ የገዛ አምፓቸውን ጉርምርምታ ያለ ጠጅ እንዲያዳምጡ ተፈርዷል። ይግባኝ አለን የሚሉ አቤቱታቸውን በሚያጉረመርመው አምፕ በኩል ያሰሙ።

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ፣ የጸና ይሆናል።